ጉበን

የኪልድራን አቀበት ሦስት ማረፊያ አለው፤
አንዱ ድልድዩ ነው፣ አንዱ ያረጀው የኖራ እቶን ነው፣
ሦስተኛው የት እንደሁ የሚያውቀው ጉልበት ነው።
ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ ይዤ ወጥቻለሁ፤
ቁጥር የሌለውን ቤት በጭሱ አውቃለሁ፣
የውሻውን ዐመል፣ የጌታውን ዕዳ፣
ሳይከፈት እሳት የሚገባውን የባንክ እንግዳ።

ከቤተ ክርስቲያኑ፣ ጣራው ከወደቀ፣
መሠዊያው እግር ሥር ሳማ ከጸደቀ፣
ከፍ ሲሉ ክብ አለ፣ በአፈር የታጠረ፤
ትራክተር ዞሮት ያልፋል፣ እንደተከበረ።
«በስውሮቹ ታምናለህ?» አልኩት ፊንታንን አንድ ማታ፤
«አላምንም» አለና መሪውን ጠምዝዞ ዞረው በዝግታ።

ምንጩ አጠገብ ያለው ያ ጎባጣ የእሾህ ዛፍ
ጨርቅ ተንጠልጥሎበታል ከቅርንጫፉ ጫፍ፦
የሕፃን ካልሲ፣ የሆስፒታል የእጅ ማሰሪያ፣
ዴርቭላ ባሏ የታመመ ለት የፈታችው ሰማያዊ ሻሽ።
ጨርቁ ሲበሰብስ ሕመሙም ይበሰብሳል ይባላል።
ሻሿ ናይለን ነው።
ይህን ያሰበበት የለም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኮረብታው ጎኑ ላይ
ትልም ይወጣበታል፣ ቀትር ላይ የማይታይ፤
የድንች መደብ ነው። ያ ክፉ ዘመን ሲገባ
የተከሉት ሄዱ፣ አንዱ ወደ መርከብ፣ አንዱ ወደ ጉድባ።
ከዚያ ወዲህ ማንም አልቆፈረው፤
ኮረብታው የጎድን አጥንቱን የሚያሳየው
ሲመሽ ብቻ ነው።

ግን ልነግር የተነሣሁት ስለ ማላኪ በረት ነበር።

ባለፈው ጥቅምት፣ ዝናቡ አግድም ሲመታ፣
ሶረካ የምትባል መዝጋቢ መጣች፣ ሜትርና ባትሪ ይዛ።
ቅርስ ትቆጥራለች። ላሞች የሚታከኩበትን
የቆመ ድንጋይ ለክታ እንደጨረሰች፣
ዝናቡን ልትጠለል በረቱ ደጅ ቆመች፤
ቀና አለች። ዝም አለች። ባትሪዋን አበራች።

ጉበኑ ድንጋይ ነው፣ ጠርዙ ጭረት አለው፤
አምስት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ ጠርዙን የዞረው።
እኛማ ያልነው የማላኪ አያት
የጥጃ ሒሳብ የያዘበት።

«ፊደል ነው» አለች። «ከታች ወደ ላይ ነው የሚነበበው፣
እንደ ኮረብታችሁ። ሺህ አምስት መቶ ዓመት ሳይሆነው አይቀርም።»
ድንጋዩ ተጋድሟልና እሷም አንገቷን አጋድማ፣
ጭረቱን በጣቷ ዳብሳ፣ አንድ በአንድ ለቅማ፣
«የሉጋር» አለች። «የኤርክ ልጅ፣ የሉጋር።»
«የሉጋር ምኑ?» አለ ማላኪ፣ ባልዲውን ሳያኖር።
«ምኑ የሚለው የለም። አይጽፉትም ነበር።»

መሬቱ? መቃብሩ? ላሙ? ወይስ ሐዘኑ?
አንዲት «የ» ቀርታለች፣ የቀረው ሁሉ በንኖ ከዘመኑ።
እኔ ፖስተኛ ነኝ፤ «ለ»ን ነው የማውቀው፣
ለእገሌ፣ ለእገሊት፣ መድረሻ ያለው።
«የ»ን ብቻ ይዞ ለመጣ ደብዳቤ
የማንን በር ላንኳኳ? ዞረብኝ ሐሳቤ።

«ሙዚየም ይግባ» አለች በትሕትና፣ «ስሙን ዝናብ ሳይልሰው።»
ማላኪ ጣራውን አየ። ላሟን አየ። ሰባ ስምንት ነው ዓመቱ፤
ልጅ የለው፣ ወንድም የለው፣ ከእሱ በኋላ የሚዘጋ ነው ቤቱ።
«ይህ ሰውዬ» አለ፣ «የኤርክ ልጅ ያልሽው፣
ሥራ ላይ ነው።»
ባልዲውን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ ገባ።
በሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ሁላችንም ጎንበስ ብለን ነው የምንገባ።

በመጋቢት ደብዳቤ መጣ፣ ማኅተም ያለበት፤
ያመጣሁትም እኔ፣ የሰጠሁትም እኔ።
ሳይከፍተው ከጣራውና ከጉበኑ መሐል ወሸቀው።
«ለሱ ነው» አለኝ።
ላሟ አስነጠሰች።
መዝገቤን አውጥቼ፣ እንደ ልማዴ፣
አንድ ጭረት ጫርኩ፦
ደርሷል።